መኪናን ስለ ማቆምና ስለ ነጂው ዕድሜ

ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር፥ ዝናቡ ሳያቋርጥ ከሚጥልባቸው ሌሊቶች ባንዱ፥ በእኛ ብሎክ አራተኛ ፎቅ የምትኖር ጎረቤታችንን ምጥ ያዛት። ባለቤቷ ደውሎ አምቡላንስ ጠራ፤ አምቡላንሱም ሳይዘገይ መጣ። ነገር ግን የግቢውን በር ካለፈ በኋላ ወደ ደረጃችን ሊደርስ አልቻለም። በብሎኮቹ መካከል ባለው መተላለፊያ ላይ ሁለት መኪናዎች ቆመው ነበር፤ አንዷ በመግቢያው፥ ሁለተኛዋ በመታጠፊያው ላይ። ጎረቤቶች ሮጠው የአንዷን ባለቤት በር ደበደቡ። እርሱም ራይድ የሚሠራ ወጣት ነው፤ ገና መተኛቱ ስለ ነበር ዐይኑን እያሻሸ ወርዶ፥ የወረደበትን ስድብ ሁሉ ተቀብሎ፥ ቪትዙን አነሣ። በመታጠፊያው ላይ ያለችው ግን አልተነቃነቀችም፤ አምቡላንሱም ሊታጠፍ አልቻለም። በመጨረሻ ሴትዮዋን በጋቢ ጠቅልለው በወንበር ላይ አስቀመጧትና አራት ሰዎች ተሸክመው በጭቃው ውስጥ እስከ አምቡላንሱ አደረሷት። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ልጅቱ በደኅና ተወለደች።

በማግሥቱ ጧት በደረጃው ላይ ክርክር ተነሣ። ዕድሜያቸው የገፋ ጎረቤቶቻችን፥ «የዘንድሮ ልጅ መንዳት እንጂ ማቆም አልተማረም፤ ባገኘበት ጥሎት ይሄዳል» አሉ። ወጣቶቹ በበኩላቸው፥ «ዐይኑ የደከመ፥ አንገቱ የማይዞር ሽማግሌ መሪ ይዞ ምን ያደርጋል? መንጃ ፈቃዱን ይመልስ እንጂ» ብለው መለሱ። ይህን ያሉት ግን ሽማግሎቹ ወርደው ከራቁ በኋላ ነው።

እኔ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ መንጃ ፈቃድ የማወጣበት ዕድሜ ገና አልደረሰልኝም። ስለዚህ ከሁለቱ ወገን ወደ አንዱ ሳላደላ ነገሩን ለመመርመር ሞከርሁ። ያገኘሁትንም ለክፍል ጓደኞቼ፥ ለመምህራንና ለወላጆች እነሆ ጽፌአለሁ።

አስቀድሞ ስለ ስፍራው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ገላን ኮንዶሚኒየም የሚገኘው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፥ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ነው። የከተማችን የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲጀመር፥ ቤቶቹ የታሰቡት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ነበር። በብሎኮቹ መካከል ባዶ መሬት የተተወውም ልብስ እንዲሰጣበት፥ በርበሬ እንዲደርቅበት፥ ሕፃናት እንዲጫወቱበት፥ ለሠርግና ለለቅሶም ድንኳን እንዲተከልበት ነው። ዛሬ ግን ዕቁብ ጥሎም፥ ከባንክ ተበድሮም፥ ካገር ውጭ ያለ ዘመድ ረድቶትም መኪና የገዛው ሰው ብዙ ነው። ከዚህም በላይ ሰፈራችን ጭነት ከጅቡቲ የሚመጣበት መንገድ ቅርብ ስለ ሆነ፥ ከነዋሪው መካከል በመንዳት እንጀራውን የሚበላው ጥቂት አይደለም። በመሸ ጊዜ ሚኒባሱም፥ አይሱዙውም፥ ባጃጁም ወደዚያው ግቢ ይገባል።

የመሬቱን ጥበት በቁጥር እንየው። ለአንድ አውቶሞቢል ማቆሚያ በተለምዶ የሚሰጠው ቦታ ወርዱ ሁለት ሜትር ተኩል፥ ርዝመቱ አምስት ሜትር ነው፤ ይኸውም 12.5 ካሬ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ ሁለት መኪናዎች የሚይዙት መሬት 25 ካሬ ሜትር ነው ማለት ነው፤ ይህም ስቱዲዮ ከሚባለው ከትንሹ ቤት ስፋት ብዙም የማይለይ ነው። አንድ ቤተ ሰብ ተኝቶ፥ አብስሎና እንግዳ ተቀብሎ የሚኖርበትን ያህል መሬት ሁለት መኪናዎች ሳይንቀሳቀሱ ይውሉበታል። ዶናልድ ሹፕ የተባሉት አሜሪካዊ ፕሮፌሰር እ. ኤ. አ. በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፥ መኪና ከዕድሜው ከመቶ 95 እጅ ያህሉን የሚያሳልፈው ቆሞ ነው። እኛ ግን መንዳትን እንማራለን፥ እንፈተናለን፤ ስለ ማቆም ብዙ የሚነግረን የለም።

ይህ መሬት የማን ነው ቢባል፥ በ1995 ዓ. ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 እያንዳንዱ ሰው የየራሱ ቤት እንዲኖረው፥ ደረጃው፥ ጣራውና ግቢው ግን የጋራ እንዲሆን ደንግጓል። ስለዚህ «በመስኮቴ ሥር ስለ ሆነ የኔ ነው» ማለት አይቻልም። ነዳጅ የሚጠጡ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ. ም. ከተከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት እየበዙ ስለ ሄዱ፥ ይህ «የመስኮቴ ሥር» የሚባለው ነገር ብሷል። ባለቤቱ ከበረንዳው ገመድ ጥሎ መኪናውን ለመሙላት ይፈልጋልና። በዝናብ ጊዜ በእርጥብ መሬት ላይ የተዘረጋ ገመድ ምን እንደሚያመጣ የፊዚክስ መምህራችን ቢያስረዱን ደስ ይለኛል።

ክፉ አቋቋም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛው አጣሞ፥ ለሁለት መኪና የሚበቃውን ቦታ ብቻውን ይዞ ይቆማል። ይህ ያናድዳል እንጂ ሰው አይገድልም። ሌላው በማንሆል ክዳን ላይ ይቆምና ፍሳሽ የሚያነሣው ቦቴ በመጣ ቀን ግቢው ሁሉ ይገማል። ሦስተኛው የሌላውን መኪና ዘግቶ ይሄዳል፤ በዚህ ጊዜ የእጅ ፍሬኑን ለቅቆ፥ ማርሹን ዜሮ አድርጎ፥ «ገፍታችሁ ውጡ» የሚለው ያገራችን ዘዴ አለ። ዘዴው በሜዳ ላይ ለቀላል መኪና ይረዳ ይሆናል፤ ተዳፋት ባለበት፥ ሕፃናትም በሚጫወቱበት ግቢ ግን ፍሬን ያልያዘ መኪና መተው ታላቅ ድፍረት ነው። እ. ኤ. አ. በ1968 በቪየና የተፈረመው የዓለም የመንገድ ትራፊክ ስምምነትም፥ በደንብ የቆመ ሌላ መኪና እንዳይወጣ ዘግቶ ማቆምን ለይቶ ይከለክላል። ከሁሉም የከፋው አራተኛው ነው፤ እርሱም በመታጠፊያና በመተላለፊያ ላይ የሚቆመው ነው። የእሳት አደጋ መኪና ወርዱ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ስለ ሆነ፥ ለመታጠፍ ከዚያ የበለጠ ሜዳ ይፈልጋል። ወደ 939 ወይም ወደ 907 ደውለን የጠራነው ረዳት ደርሶ፥ መቶ እርምጃ ሲቀረው ቆሞ እንዲያየን የምናደርገው እኛው ነን።

አሁን ወደ ዕድሜው ነገር እንምጣ። በአገራችን አውቶሞቢል ለመንዳት ከ18 ዓመት ማነስ አይፈቀድም። ወጣት ነጂ አደጋ እንደሚያበዛ በብዙ አገሮች ተመርምሮ የታወቀ ነው። ነገር ግን ምክንያቱ የዕድሜ ማነስ ብቻ አይደለም፤ የልምድ ማነስም ነው። ሰው በማናቸውም ዕድሜ መንዳት ቢጀምር የመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያስፈሩ ናቸው። ስለዚህም በጃፓን አገር አዲስ ነጂ የሆነ ሁሉ፥ የ18 ዓመትም ይሁን የ50፥ አረንጓዴና ቢጫ ምልክት በመኪናው ላይ ለአንድ ዓመት እንዲለጥፍ ከ1972 እ. ኤ. አ. ጀምሮ ታዝዟል።

የሽማግሌውም ድካም ሐሰት አይደለም። የስድሳ ዓመት ሰው ዐይን ውስጥ የሚገባው ብርሃን በሃያ ዓመት ሰው ዐይን ውስጥ ከሚገባው ሲሶ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ በምሽት ያለ መብራት ግቢ ውስጥ ወደ ኋላ ማቆም ለእርሱ በእውነት ይከብደዋል። አንገትም እንደ ድሮው አይዞርምና ስፖኪዮ የማያሳየውን ጥግ ሳያይ ይቀራል። ጃፓኖች ለአረጋውያን ነጂዎች ሌላ ምልክት በ1997 እ. ኤ. አ. አወጡ፤ 75 ዓመት የሞላውንም ፈቃዱን ሲያድስ የማስታወስና የማሰብ ኃይሉን ይፈትኑታል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ 70 ዓመት የሞላው ሰው በየሦስት ዓመቱ ፈቃዱን ማደስ አለበት። ይሁን እንጂ ዕድሜ ብቻውን ሰውን ከመሪ አያስነሣም። በ1900 ዓ. ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፥ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መሪውን ይዘው እንደ ነዱ ይነገራል፤ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፎ ነበር። እርግጥ ነው፥ መንገዱን የሚዘጋባቸው ሌላ መኪና አልነበረም።

ይህን ሁሉ ካገኘሁ በኋላ ግን ነገሩ የእኛን ሌሊት እንደማይነካ ተረዳሁ። አዲስ ነጂ ቢቆም አጣሞ ይቆማል፤ ዐይኑ የደከመም ቢቆም ወይ ይጋጫል ወይ ከግድግዳው አርቆ ይተዋል። በመታጠፊያው ላይ የነበረችው መኪና ግን በገመድ የተለካች ትመስል ነበር። ጎማዎቿ ቀጥ ያሉ፥ ከግድግዳው የራቀችውም አንድ ክንድ ብቻ ነበር። እንዲህ አድርጎ የሚያቆም ሰው የችሎታ ጉድለት የለበትም።

ታዲያ ምን ጎደለው? እ. ኤ. አ. በ1997 ባሪ ሩባክና ዳንኤል ጁዬንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ፥ በአትላንታ ከተማ አጠገብ፥ ሰዎች ከመኪና ማቆሚያ ሲወጡ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅባቸው ሰዓት ይዘው ለኩ። ሌላ ሰው ቦታውን ፈልጎ ሲጠብቅ ባለመኪናው ይፈጥናል ብለን እንገምታለን፤ የተገኘው ግን ተቃራኒው ነው። የሚጠብቅ ሰው ሲኖር ይበልጥ ይዘገያል፤ የሚጠብቀው ክላክስ ቢያሰማ ደግሞ ከዚያም የባሰ ይዘገያል። የሚወጣው ሰው ቦታውን ከእንግዲህ አይፈልገውም፤ ግን «የኔ ነው» የሚለው ስሜት አልለቀቀውም። ይህ ስሜት በወጣቱም በሽማግሌውም አለ። መኪና በቆመ ጊዜ መሬቱ የባለመኪናው ርስት ይመስለዋል።

አሁን እስካሁን ያልተናገርሁትን ልናገር። ያች በመታጠፊያው ላይ የነበረች መኪና የማን እንደ ሆነች በዚያ ሌሊት ሁላችንም እናውቅ ነበር። ባለቤቷ በቀጥታ ከሚመለከተን ብሎክ፥ በመጀመሪያው ፎቅ የሚኖሩ፥ ሰፈሩ ሁሉ ተነሥቶ የሚቀበላቸው ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው በአሰብ መንገድ ተሳቢ ሲነዱ ስለ ኖሩ፥ ያቋቋማቸው ቅንነት ከዚያ የመጣ ነው። የወጣቱን በር በእግርም በእጅም የደበደብን ሰዎች የእርሳቸውን በር አላንኳኳንም። አንዱ «አባባ ተኝተዋል፤ እንዴት በዚህ ሌሊት!» አለ፤ ሌላው «ስልካቸው ዝግ ነው» አለ። እኔም እስከ በራቸው ድረስ ተልኬ ሄጄ ነበር። እጄን አንሥቼ ጥቂት ቆየሁና ሳላንኳኳ ተመለስሁ፤ «አይሰሙም» ብዬ ዋሸሁ። ከዚያ በኋላ ነው ወንበሩ የመጣው።

እንግዲህ የነጂው ዕድሜ ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚለው ጥያቄ የማገኘው መልስ ይህ ነው፤ ለውጥ ያመጣል፥ ነገር ግን ሰው እንደሚያስበው አይደለም። በክፉ አቋቋም ወጣትና ሽማግሌ እኩል ናቸው። የሚለያዩት ሲነገራቸው ነው። ወጣቱ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ይሰደባልና ሳይወድ ይማራል፤ ሽማግሌውን ግን ማንም ደፍሮ ስለማይነግራቸው ጥፋታቸውን ሳያውቁት ይኖራሉ። ይህን አክብሮት ብለን እንጠራዋለን። እኔ ግን እርሳቸውን እንደ ናቅኋቸው ይሰማኛል፤ ሊሰሙኝና ሊያዝኑ አይችሉም ብዬ ፈርጄባቸዋለሁና።

ነገሩን በመጨረሻ የነገረቻቸው እናቴ ናት። ከለቅሶ ቤት አብረው ሲመለሱ ቡና አፍልታ ጠራቻቸውና፥ ዙሪያ ጥምጥም ሳትል፥ «አባባ፥ በዚያ ሌሊት መንገዱን የዘጋው የእርስዎ መኪና ነበር» አለቻቸው። እኔ አፍሬ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። ሽማግሌው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ በመኪናው ሳይሆን በሌላ ነገር ተቆጡ፤ «ለምን አልቀሰቀሳችሁኝም? ሰው በምጥ ተይዞ እኔን የሚያስተኛኝ ምን ሞት ነው? ባዳ አደረጋችሁኝ እኮ!» አሉ። እናቴ መልስ አልነበራትም። እኔም በሩ ድረስ መጥቼ እንደ ተመለስሁ እስከ ዛሬ አልነገርኋቸውም፤ ይህን ጽሑፍ ካነበቡት ግን ያውቁታል።

ቀጥሎም የብሎኮቹ ኮሚቴ ተሰብስቦ ሁለት ነገር ወሰነ። የመጀመሪያው፥ ማንኛውም ባለመኪና ስልክ ቁጥሩን በጉልህ ጽፎ ከፊት መስተዋቱ በስተ ውስጥ እንዲያስቀምጥ፥ ሌሊትም ስልኩን እንዳይዘጋ ነው። ሁለተኛው በመተላለፊያውና በመታጠፊያው ላይ የኖራ መስመር እንዲሰመርና ከመስመሩ አልፎ የቆመን ሰው ዘበኛው በማናቸውም ሰዓት፥ ማንም ይሁን ማን፥ እንዲያስነሣ ነው። «ማንም ይሁን ማን» የሚለው ቃል እንዲገባ አጥብቀው የጠየቁት እኒያው ሽማግሌ ናቸው። ወጣቱ የራይድ ነጂ ደግሞ ሌሊት የሚገቡ ሰዎች ቦታ ስለሚያጡ፥ ከበሩ አጠገብ ሦስት ቦታ እንዲጠበቅላቸው ጠየቀ፤ ትክክለኛ ጥያቄ ስለ ነበረ ተፈቀደለት። ለአይሱዙዎቹ ግን እስካሁን መፍትሔ አልተገኘም፤ ባለቤቶቹ ከግቢው ውጭ ቢያሳድሩ ባትሪና ጎማ ይሰረቅብናል ይላሉ፤ እውነትም አላቸው።

የኖራውን መስመር ያሰመርነው እኛ የግቢው ተማሪዎች ነን። ሽማግሌው ወንበር አስወጥተው ተቀምጠው መታጠፊያው ምን ያህል መስፋት እንዳለበት አሳዩን፤ እኛ ሦስት ሜትር ብለን ስንጀምር «በዚህ ተሳቢ ቀርቶ አህያም አይታጠፍ» ብለው አስጠርገው አራት ሜትር ተኩል አስደረጉን። የዘንድሮው ክረምት ግን መስመሩን ከሞላ ጎደል አጥቦታል። ከመስቀል በኋላ በቀለም እንደ ገና ይሰመራል ተብሎ ከየቤቱ ገንዘብ እየተሰበሰበ ነው።