እንግዳ የሚቀበል ከተማ

በከላላ ሰርግ ሲኖር መንደሩ በሙሉ ሥራ ይበዛበታል። የቅሬው ሰዎች ዳስ ይጥላሉ። ሴቶች እንጀራ ይጋግራሉ፤ ወጥ ይሠራሉ። እንግዳው የት እንደሚያድር፣ በቅሎው የት እንደምትታሰር አስቀድሞ ይታሰባል።

ከተማም እንደዚሁ ይደግሳል። ከብዙ አገር የመጡ ስፖርተኞች በአንድ ከተማ ተሰብስበው ሲወዳደሩ፣ ያ ከተማ ውድድሩን አስተናገደ እንላለን። እንዲህ ያለ ድግስ ለነዋሪው ምን ያመጣለታል? ምንስ ያስከፍለዋል? ከራሳችን አገር ታሪክ እንነሣ።

አዲስ አበባ የደገሰችው

የአፍሪካ ዋንጫ የአፍሪካ አገሮች በእግር ኳስ የሚወዳደሩበት ነው። አዲስ አበባ ይህን ውድድር ሦስት ጊዜ አስተናግዳለች።

መጀመሪያ ያስተናገደችው በ1954 ዓ.ም. ነው። የተወዳደሩት አራት አገሮች ነበሩ፤ ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ቱኒዚያና ኡጋንዳ። ውድድሩ ጥር 6 ተጀምሮ ጥር 13 እሑድ ተፈጸመ። በመካከሉ ከተራና ጥምቀት ዋሉ። እንግዲህ የከተማው ሰው በአንድ ሳምንት ሁለት ታላቅ በዓል አየ ማለት ነው። አንዱ በጃን ሜዳ፣ ሌላው በለገሃር አጠገብ ባለው ስታዲየም። ስታዲየም ማለት ዙሪያውን ለተመልካች መቀመጫ የተሠራለት የስፖርት ሜዳ ነው።

በመጨረሻው ቀን ኢትዮጵያና ግብፅ ተጋጠሙ። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ኢትዮጵያም ሁለት ጊዜ እኩል አደረገች። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀና ጨዋታው በጭማሪ ሰዓት ቀጠለ። በጭማሪው ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንድ አንድ ጎል አገቡ። ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። የቡድኑ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

ሁለተኛው በ1960 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በአሥመራ ተደረገ። ዋንጫውን ኮንጎ ወሰደች። ሦስተኛው በ1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተደረገ። ያን ጊዜ የአፍሪካን እግር ኳስ ማኅበር የሚመሩት ኢትዮጵያዊው ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። የእኛ ቡድን ግን በመጀመሪያው ዙር ወደቀ፤ ዋንጫውም የሞሮኮ ሆነ። እንግዲህ ሦስት ጊዜ ደግሰን ያሸነፍነው አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ከተማ ድግሱን ሲያስብ ዋንጫውን ብቻ ማሰብ የለበትም።

ጥቅሙና ጉዳቱ

እንግዳ ሲበዛ የሚበላው ይበዛል። በግ፣ ዕንቁላል፣ ቅቤ ይፈለጋል። ሆቴሎች ይሞላሉ። ሹፌሩ፣ አስተናጋጁ፣ ሻይ ሻጯ ገንዘብ ያገኛሉ። የሚሸጥ ያለው ገበሬም ይጠቀማል። ነገር ግን ከመካነ ሰላም ወይም ከከላላ ሄዶ በቀን ሥራ የሚኖረው ወንድማችን፣ ገበያው ሲወደድ ኑሮው ይከብደዋል። ያው ዋጋ አንዱን ሲጠቅም ሌላውን ይጎዳል።

ከዚህ የከፋም አለ። በደቡብ ኮሪያ፣ በሴኡል ከተማ፣ ለ1981 ዓ.ም. የኦሎምፒክ ውድድር ከተማው ሲታደስ ብዙ ሺህ ድሆች ቤታቸው ፈርሶ ከሰፈራቸው ተነሥተዋል። የካናዳዋ ሞንትሪያል ደግሞ ኦሎምፒክን ያስተናገደችው በ1968 ዓ.ም. ነው። ለስታዲየሙ የገባችበት ዕዳ ተከፍሎ ያለቀው ከ30 ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ አድጎ ሥራ ይዞ ዕዳ ከፈለ ማለት ነው። ያላየውን ድግስ ዕዳ!

እንግዳው ከሄደ በኋላ

የሰርግ ዳስ በማግሥቱ ይፈርሳል። ስታዲየም ግን ይቀራል። ለወጣቱ መጫወቻ፣ ለከተማው መሰብሰቢያ ይሆናል። የድግሱ እውነተኛ ትርፍ ይኸ ነው። ነገር ግን ካልተጠበቀና ካልታደሰ ትርፉ ይጠፋል። የውኃ ቧንቧ የሚጠግነው ሲያጣ መንደሩ ወደ ወንዝ እንደሚመለስ ሁሉ መሆኑ ነው።

ይህ በእኛ ላይ ደርሷል። በ2014 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ማኅበር የአገራችን ስታዲየሞች ደረጃቸውን አያሟሉም አለ። በዚያው ዓመት ሰኔ 2 ቀን ኢትዮጵያ ግብፅን በሜዳዋ ማስተናገድ ነበረባት። ሜዳ ስለታጣ ግጥሚያው የተደረገው በማላዊ አገር፣ በሊሎንግዌ ከተማ ነው። ቡድናችን 2 ለ 0 አሸነፈ። ግን አዲስ አበቤው ስታዲየም ገብቶ አላጨበጨበም፤ ሻይ ሻጯም አልሸጠችም። በ1954 ዓ.ም. ያው ግብፅ በደጃችን ነበር የተሸነፈችው። 60 ዓመት ቆይተን በሰው ቤት ደገስን።

ስለዚህ እንግዳ መጥራት ደግ ነው። ክብርም ገበያም ያመጣል። የሚጠራ ከተማ ግን ሦስት ነገር አስቀድሞ ይጠይቅ። ወጪውን ማን ይከፍላል? ለእንግዳው ቦታ ሲባል ከቤቱ የሚነሣው ማን ነው? እንግዳው ሲሄድ የቀረውን ማን ይጠብቀዋል? እነዚህን ሳይመልስ የደገሰ ከተማ፣ ለአንድ ቀን ሰርግ በሬዎቹን ሸጦ በእርሻ ወራት የሚጠምደው እንዳጣ ገበሬ ይሆናል።

እንወያይ

1. አዲስ አበባ የአፍሪካን ዋንጫ በየትኞቹ ዓመታት አስተናገደች?
2. የገበያ መወደድ ማንን ይጠቅማል? ማንን ይጎዳል?
3. በቀበሌያችን በኅብረት ከተሠሩት ነገሮች ጠባቂ ያጣው የትኛው ነው? ምን እናድርግ?