በሐይቅ ዳር የበቀለ ተውኔት

ከግላስጎው በስተ ሰሜን ምዕራብ፥ ሎክ ሎመንድ በሚባለው ሰፊ ሐይቅ ዳርቻ፥ ሉስ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ቅዱስ ኬሶግ የተባለ መነኩሴ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሐይቁ ውስጥ ባለች ደሴት ተቀምጦ ለአካባቢው ሕዝብ ወንጌልን ሰበከ ተብሎ ስለሚተረክ፥ አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገዳም አቅንተው መጻሕፍት ያስጻፉበትንና አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያስተማሩበትን የሐይቅ እስጢፋኖስን ምድር የሚያውቅ የአምባሰል ሰው ከዚያ ቢደርስ ባዕድነት አይሰማውም። ብሪታንያውያን ግን ሉስን ይበልጥ የሚያውቋት በቴሌቪዥን ተውኔት ነው።

«ቴክ ዘ ሃይ ሮድ» የተባለው ይህ ተከታታይ ድራማ ከ1980 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. የታየ የስኮትላንድ ቴሌቪዥን ሥራ ሲሆን፥ ግሌንዳሮክ በሚል የልብ ወለድ ስም የምትጠራው መንደር ሉስ ራስዋ ናት። ባለርስቲቱ እመቤት፥ ጭሰኞቿ፥ ቄሱና ባለሱቋ በየሳምንቱ ይጣላሉ፥ ይታረቃሉ፤ ከሁሉም በላይ ግን ተመልካቹ የሚጠብቀው ግዊኔት ገትሪ የተጫወተቻትን ወይዘሮ ማክን፥ ማለት የሰው ገመና ሳታነሣ የማታመሸውን ጎረቤት ነበር። ጠቅላላው የብሪታንያ መረብ ድራማውን ከተወው በኋላ እንኳ ስኮትላንዳውያን አልተዉትም።

የነገሩ ምሥጢር በሥርዓቱ ላይ ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ የንግድ ቴሌቪዥንን ፈቃድ በየአውራጃው ስለ ከፋፈለው፥ የማንችስተሩ ግራናዳ በ1960 «ኮሮኔሽን ስትሪት»ን፥ የሊድሱ ዮርክሻየር ቴሌቪዥን በ1972 «ኤመርዴል ፋርም»ን በየአገራቸው ልሳን አቀረቡ፤ ቢቢሲም በ1974 በዌልስ ቋንቋ «ፖቦል ኣ ኩም»ን ጀመረ። ስለዚህ ቀድሞ ለሎሌና ለቀልደኛ ብቻ ይሰጥ የነበረው የባላገር አነጋገር የዋነኛው ተዋናይ አነጋገር ሆነ።

ለእኛ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም፤ የስኮትላንድን ቴሌቪዥን የመሠረተው የሮይ ቶምሰን ኩባንያ ነው የኢትዮጵያንም ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ለማቋቋም የረዳው። መሣሪያውና ጥበቡ መጣ፤ የአውራጃው ሥርዓት ግን አብሮ አልመጣም። ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ስለ ነበር፥ ተውኔቱም ለብዙ ዘመን ከርእሰ ከተማው አልራቀም፤ እነ «ገመና»ና አበበ ባልቻ አስናቀን ሆኖ የተጫወተበት «ሰው ለሰው» እንኳ የአዲስ አበባን ሳሎን የሚያሳዩ ናቸው። ወሎ በዚያ መስኮት ብቅ ያለው አብዛኛውን ጊዜ በዜማ ነው፤ የላሊበላ ኪነት ጭፈራና የማሪቱ ለገሰ አምባሰል ማንንም ሊያስደስት ይችላል፥ ነገር ግን ወሎዬ እንዲዘፍን እንጂ ከጎረቤቱ ጋር እንዲከራከር ብዙም አልተጋበዘም። ይህን በደል ማለት ቢበዛ፥ ቸልታ ማለት አይበዛም።

የሉስ ሰዎች ያላቸው ሱቅ፥ ቤተ ክርስቲያንና የመሬት ክርክር በሐይቅ ከተማም ሞልቷል፤ እንዲያውም እነርሱ የሌላቸው ይጨመርበታል። በአንድ ቤት ክርስቲያንና እስላም ዘመዳሞች ሆነው ሲኖሩ በፋሲካና በዒድ ማን ለማን እንደሚያርድ የሚነሣው ጨዋታ ብቻውን ለብዙ ክፍል ይበቃል። ሴት ከማታልፈው የእስጢፋኖስ ገዳም ደጅ ቆማ፥ ለምንኩስና የገባ ልጅዋን በሰው የምታስጠራ እናት ብትኖር፥ አስጠሪው እስላም ዓሣ አጥማጅ ቢሆን፥ መነኩሴውም አልወጣም ቢል፥ ደራሲው የሚቀጥለውን ክፍል ለማሰብ አይቸገርም።