ያውቁ ኖሯል? ቢጫው ሁሉ አደይ አይደለም

አንዲት አደይ አበባ በእርግጥ አንድ አበባ አይደለችም። መሐሏ ላይ ተጨናንቀው የሚታዩት ደቃቅ ቢጫ ነጠብጣቦች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው። በዙሪያዋ የተዘረጉትና እኛ «ቅጠሏ» የምንላቸው ሰፋፊ ቢጫ ምላሶችም እንዲሁ። የዳሮቹ ሥራ ንብ መጥራት ብቻ ነው፤ ዘር የሚያፈሩት የመሐሎቹ ናቸው። ልጆች ምላሷን እየነጩ ሲጫወቱ የጎዱ ቢመስላቸውም ዘሯን አልነኩባትም።

አደይ የምትገኝበት የዕፅዋት ቤተሰብ በዓለም ዙሪያ ከ23,000 በላይ ዝርያዎች አሉት። ኑግ፣ ሱፍ፣ ሰላጣ፣ አሪቲ፣ የጠላ ጋን የሚታጠብበት ግራዋ፣ ሥሩ የሚታጠነው ቀበርቾ ሁሉም ዘመዶቿ ናቸው። ግራዋና ሰላጣ የሥጋ ዘመድ ናቸው ቢባል ማን ያምናል?

ከሩቅ ሲያዩአቸው አደይ፣ መች የሚባለው ተክልና ኑግ አንድ ይመስላሉ። መለየት የሚፈልግ አበባውን ትቶ ወደ ቅጠሉ ይጎንበስ። የአደይ ቅጠል ተሰነጣጥቆ የቀጠነ ነው። የመች ቅጠል ግን ሙሉ ነው፤ ዳር ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፣ ሲዳስሱት ይሻክራል፣ ያለ ዘንግ በቀጥታ ግንዱን አቅፎ ይበቅላል። ኑግም ቅጠሉ እንደ መች ሙሉ ነው፤ ዘሩ ግን ጥቁርና አብረቅራቂ ስለሆነ ከደረሰ በኋላ ማንም አይስተውም። የቀን መቁጠሪያም ይረዳል፦ አደይ የመስከረም ናት፣ የኑግ ማሳ ደምቆ ቢጫ የሚለብሰው ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር ነው።

አደይ ዛሬ በሳይንስ የምትጠራበትን ባይደንስ ማክሮፕቴራ የተሰኘ ስም ያወጣላት ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ሊቅ መስፍን ታደሰ ነው። በአደይ ወገን ላይ ያደረገውን ጥናት ያሳተመው በ1984 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስለ መላው ቤተሰብ የተጻፈውን የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ቅጽ አዘጋጅቷል። ሕዝቡ አደይ የሚለው ግን አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም፤ ባይደንስ ፓቺሎማም በዚሁ ስም ትጠራለች።

ሱሪዎ ላይ ተሰክቶ አልላቀቅ የሚለው የሰይጣን መርፌ የአደይ የቅርብ ዘመድ ነው። መነሻው አሜሪካ ሲሆን፣ ዘሩ ጫፍ ላይ ባሉት ሾጣጣ ጥርሶች ልብስና ጠጉር እየያዘ ዓለምን ዞሯል። ከቤተሰቡ መካከል የማልወደው እሱን ብቻ ነው።

ኑግ የራሱን ብናኝ አይቀበልም። ዘር እንዲይዝ ንብ ከሌላ የኑግ ተክል ብናኝ ማምጣት አለባት። ስለዚህ በአንድ ማሰሮ አንድ እግር ኑግ ተክሎ ምርት የሚጠብቅ ሰው አበባ አይቶ ይቀራል። ለንቧም ነገሩ ኪሳራ አይደለም፤ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር የአብዛኛው ምንጩ አደይ፣ መችና ኑግ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ፣ ለወፍ ምግብ ተብሎ የሚሸጠውን ኑግ ገዝታችሁ ጓሮ ብትዘሩት ላይበቅልላችሁ ይችላል። ባዕድ አረም አብሮ እንዳይገባ ሲባል ዘሩ በሙቀት ስለሚታከም የመብቀል አቅሙ ይዳከማል።

ኑግ ውኃ ያቆረ ጥቁር አፈር ይችላል። ሌላው ሰብል ሥሩ በሚታፈንበት መሬት ላይ እሱ ግንዱና ሥሩ ውስጥ ባሉ የአየር ቀዳዳዎች ይተነፍሳል።

አደይን ጓሮ ማብቀል ይቻላል፤ ችግሩ ትዕግሥት ነው። ዓመት የማትሻገር ተክል ስለሆነች በየዓመቱ ከዘር ትነሳለች። አበባዋ ረግፎ ራሷ ሲደርቅና ሲጠቁር ዘሯን ይልቀሙ፣ በደረቅ ወረቀት ጠቅልለው ያቆዩ። ክረምቱ ሲገባ ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ አፈሩን ጫር ጫር አድርገው ይበትኑትና በስሱ ያልብሱት። ፍግ አያብዙባት፤ ያለ ማንም እንክብካቤ ገደል አፋፍ ላይ የምትፈካ ናት።

በእንቁጣጣሽ ሰሞን አደይ ለመቁረጥ የሚወጡ ልጆች ካሉዎት አንድ ነገር ይንገሯቸው። ከነሥሯ አይንቀሏት፤ ከየሥፍራውም ጥቂት እግር ሳይቆርጡ ይተዉ፤ ዘሯን እስክትጥል ድረስ።