ለተጎዳች ጫጩት ሙቀት ይቅደም

ከሀበሻ ዶሮ እንቁላል የምትፈለፈል ጫጩት ክብደቷ ከ30 ግራም ብዙም አይበልጥም። በሰውነቷ የሚዘዋወረው ደም ቢቀዳ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ድመት ቧጥጧት፣ በር ጨፍልቋት፣ ከጭልፊት ጥፍር አምልጣ ወይም የገዛ እናቷ ረግጣት ስትገኝ ዓይናችን ቀድሞ የሚያርፈው ቁስሉ ላይ ነው። ደሙ እየፈሰሰ ካልሆነ ግን ከቁስሉ ይልቅ ፈጥኖ የሚገድላት ብርድ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጫጩት የሰውነቷን ሙቀት በራሷ ማስጠበቅ አትችልም። ሰውነቷ ትንሽ፣ ላባዋ ስስ በመሆኑ ከእናቷ ክንፍ ሥር ስትወጣ ሙቀቷን ቶሎ ታጣለች፤ ከረጠበች ደግሞ ይብሳል። ለዚህ ነው አርቢዎች በመጀመሪያው ሳምንት የማሳደጊያውን ሙቀት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያደርጉትና ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል የሚቀንሱት። ለተጎዳች ጫጩት ከላይኛው ቁጥር መጀመር ይሻላል። አንድ ካርቶን፣ የጤፍ ጭድ ወይም አሮጌ የጥጥ ጨርቅ፣ ሞቅ ያለ ውሃ የተሞላና በጨርቅ የተጠቀለለ ሃይላንድ ይበቃል። የፈላ ውሃ አያስፈልግም፤ ፕላስቲኩን ያጨማትራል፣ ጫጩቷንም ያቃጥላታል። ሃይላንዱ በካርቶኑ አንድ ጎን ብቻ ይቀመጥ፤ ሲሞቃት የምትሸሽበት ቦታ ያስፈልጋታልና። ቴርሞሜትር ባይኖርም ችግር የለም። በርዷት ከሆነ ጠርሙሱ ላይ ተለጥፋ ያለማቋረጥ ትጮሃለች፤ ከሞቃት ደግሞ ራቅ ብላ አፏን ከፍታ ታለከልካለች።

በዝግ ክፍል ውስጥ ከሰል አጠገቧ ማቀጣጠል ግን ፈጽሞ አይገባም። የወፍ ሳንባ ከእኛ በተለየ አየሩን በአንድ አቅጣጫ ያሳልፋል፤ ወደ ውስጥ ስትስብም ሆነ ስታስወጣ ኦክስጅን ይወስዳል። ከሰሉ የሚለቀው መርዛማ ጋዝም በዚያው ፍጥነት ይገባል። የብሪታንያ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ ካናሪ የተባለችውን ወፍ ወደ ጉድጓድ ይዘው ይወርዱ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲኖር ከሰው ቀድማ ትወድቅ ነበር።

አያያዝም ይገድላል። እኛ ስንተነፍስ ደረትንና ሆድን የሚለየው ድያፍራም የተባለው ጡንቻ ይሠራል። ወፎች ይህ የላቸውም፤ አየር የሚያስገቡት የደረት አጥንታቸውንና ጎድናቸውን በማንቀሳቀስ ነው። ስለዚህ በጭብጥ የተያዘች ጫጩት አፍንጫዋ ክፍት ቢሆንም ትታፈናለች። በተዘረጋ መዳፍ ላይ አስቀምጦ በሌላው እጅ ከላይ ለቀቅ አድርጎ መከለል ይበቃል። ልጆች እንዲያዩዋት እጅ በእጅ ማዞሩ ይቅር።

ምግብ አያስቸኩልም። ጫጩት ከ21 ቀን በኋላ እንቁላሉን ሰብራ ልትወጣ ስትቃረብ የተረፈውን አስኳል ወደ ሆዷ ታስገባዋለች፤ እሱም ሁለት ሦስት ቀን ያቆያታል። የአንድ ቀን ጫጩቶች ያለ ምግብና ውሃ በካርቶን ተጭነው ከከተማ ከተማ የሚሄዱት በዚህ ስንቅ ነው። የበረዳት ጫጩት ደግሞ ብትበላም አይፈጭላትም። መጀመሪያ ትሙቅ፤ ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ትንሽ ስኳር በጥብጦ አንድ ጠብታ በመንቁሯ ጎን ማስነካት ነው፤ ራሷ ትጠጣዋለች። አፏን ከፍቶ ማንቆርቆር ክልክል ነው። የአየር ቧንቧዋ መግቢያ ከምላሷ ሥር ስለሆነ ውሃው በቀላሉ ወደ ሳንባዋ ይሄዳል።

አሁን ወደ ቁስሉ። የሚደማ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ በቀስታ ተጭኖ መያዝ፤ በየመሀሉ እየገለጡ ማየት የረጋውን ደም መልሶ ይከፍተዋል። ለማጠቢያ ከፈላ በኋላ የቀዘቀዘ ውሃ፣ በግማሽ ሊትሩ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ገብቶበት፣ በቂ ነው። በብዙ ቤት ቁስል ላይ የቡና ዱቄት መነስነስ ልማድ ቢሆንም ለጫጩት አልመክረውም፤ ቆሻሻ ይይዛል፣ ቁስሉንም ይሸፍናል። አልኮልም ሥጋዋን ያቃጥላል፣ ሲተንም ያበርዳታል። የድመት ንክሻ ግን ለብቻው ይታይ። ድመት በአፏ ፓስቸሬላ የተባለ ባክቴሪያ ስለምትይዝ ቀዳዳው ኢምንት ቢመስልም በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ መሄድ ያስፈልጋል። ዶሮዎች ቀይ ነገር ሲያዩ መጠቅጠቅ ስለሚወዱ ቁስለኛዋ ለብቻ ትሁን፤ ነገር ግን ጓደኞቿን በምታይበት ወይም በምትሰማበት ቦታ፤ ብቸኝነት ራሱ ያስጨንቃታል።

እጃችንን መሰብሰብ ያለብንም ጊዜ አለ። ቅርፊቱን ከበሳች በኋላ ለመውጣት ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ሙሉ ቀን ይፈጅባታል። አዝነን ቅርፊቱን ብንልጥላት በሽፋኑ ላይ ያሉት የደም ሥሮች ገና ደም ስለያዙ ይበጠሳሉ፤ ያችው ጥቂት ደም ትፈስሳለች። እትብቷ ላይ የቀረች ቅሪትም አትጎተት፤ አዮዲን ነካ አድርጎ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ማቆየት ነው። ፊንጢጣዋ ላይ የደረቀ ኩስ ግን በለብታ ውሃ ርሶ ይነሳ፤ ከዘጋው ትሞታለች።

እግሮቿ ግራና ቀኝ ተከፍተው በሆዷ የተኛች ጫጩት ብዙ ጊዜ የሚያንሸራትት ወለል ሰለባ ናት፤ ጋዜጣና ፕላስቲክ ያነጠፈ ሰው ያውቃታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተደረሰላት ትድናለች። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፕላስተር ይቆረጥና ጫፍና ጫፉ ሁለቱን ቅልጥሞቿን ላላ አድርጎ ይዞራል፤ መሀሉ ጭድ እንዳይለጥፍ በራሱ ላይ ይታጠፋል። በእግሮቿ መካከል የሚቀረው ርቀት ቆማ ስትታይ ከሚኖራት ተፈጥሯዊ ርቀት መብለጥ የለበትም። መጀመሪያ በግንባሯ ትደፋለች፤ ያስቃል፣ ግን ጥልቅ የውሃ ዕቃ አጠገቧ ካለ ልትሰምጥ ትችላለች። ጣቶቿ ካበጡ ጠብቋል ማለት ነው፤ ይፈታ። ከሦስት እስከ አምስት ቀን ያህል ይበቃል።

አንገቷ ከተጠማዘዘ ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። የምት ጉዳት ወይም የቫይታሚን እጥረት ይሆናል፤ ፈንግል የተባለው የዶሮ በሽታም እንዲሁ አንገት ያጣምማል። ሌሎቹም ካስነጠሱ፣ አረንጓዴ ኩስ ካስቀመጡ ወይም መሞት ከጀመሩ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጥራት እንጂ በቤት ማስታመም አይጠቅምም። ጤነኛ የምትመስል ጫጩትም ሳልሞኔላ ልትይዝ ስለምትችል ከነካካን በኋላ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ።

ቁስሉ ደርቆ በራሷ መብላት ስትጀምር ወደ እናቷ የምትመለሰው ሲመሽ ነው፤ ዶሮዋ በጨለማ በደንብ ስለማታይ ከሥሯ ሸጎጥ ሲያደርጓት ብዙ ጊዜ አትቃወምም። ንጋት ላይ ግን ቀድሞ ተነስቶ ማየት ያስፈልጋል። እናትየዋ ከጠቀጠቀቻት ወደ ካርቶኗ ትመለስና ከአንዲት ጤነኛ ጫጩት ጋር አብራ ትደግ።