ኪራዩ ሲጨምር ቆሞ የሚቀረው ድጎማ

ለንደን ውስጥ ከግል አከራይ ቤት ተከራይተው ኪራያቸውን በከፊል በመንግሥት ድጎማ የሚከፍሉ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። የኪራይ ቀን በደረሰ ቁጥር የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ቤኔፊቱ ኪራዩን ለምን አልሸፈነውም?» ቅጽ ሲሞሉ የተሳሳቱ የሚመስላቸው አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጉድለቱ የሚመነጨው ከአሠራሩ ነው።

ለግል ተከራዮች የድጎማውን ጣሪያ የሚወስነው ሎካል ሃውሲንግ አላዋንስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2008 በመላ ብሪታንያ ሲጀመር ጣሪያው የአካባቢውን መካከለኛ ኪራይ የተከተለ ነበር፤ ግማሽ ያህሉ ቤት በተደጓሚው አቅም ውስጥ ነበር ማለት ነው። በ2011 ግን ዝቅ ተደርጎ ከአሥር ቤቶች ርካሾቹን ሦስቱን ብቻ እንዲሸፍን ተወሰነ። ይህም ቢሆን በየዓመቱ ቢታደስ ባልከፋ። ከ2016 እስከ 2020 ባለበት እንዲቆም ተደረገ፤ በኮሮና ወረርሽኝ መነሻ ላይ ተስተካክሎ፣ እንደገና እስከ ኤፕሪል 2024 ቆመ። ያኔ ታድሶ፣ በ2025 ዳግም ሳይጨመርበት ታለፈ።

የ2024ቱ ማስተካከያ ራሱ የተሠላው እስከ ሴፕቴምበር 2023 በተሰበሰበ የኪራይ መረጃ ነው። በዚያ መረጃ ውስጥ ደግሞ ለዓመታት ከአንድ ቤት ሳይወጡ የኖሩ ሰዎች ውልም ተካቷል። ዛሬ ቤት ፈላጊ የሚጠየቀው ግን የዛሬውን ዋጋ ነው።

ጉድለቱ ኑሮ ላይ ምን እንደሚያደርግ በምሳሌ እንየው። የ40 ዓመት ሴት፣ ብቻዋን የምትኖር፣ ለጊዜው ሥራ የሌላት፣ በጠቅላላው የድጎማ ገደብ (ቤኔፊት ካፕ) ግን ገና ያልተነካች እንበል። ኪራይዋ በወር 1,400 ፓውንድ፣ የአካባቢዋ ጣሪያ በሳምንት 288 ፓውንድ ነው። ሳምንቱን በአራት ማባዛት አያስኬድም፤ ዓመቱ 52 ሳምንት ስለሆነ በ52 ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል ወርሃዊው 1,248 ፓውንድ ይሆናል። የቀረው 152 ፓውንድ ከየት ይመጣል? በ2025/26 ለእንዲህ ያለች ሴት መደበኛው የዩኒቨርሳል ክሬዲት ክፍያ በወር 400.14 ፓውንድ ነበር። ልዩነቱን ከዚያ ስትከፍል ለምግብ፣ ለመብራት፣ ለስልክና ለትራንስፖርት የሚተርፋት 248 ፓውንድ፣ በቀን ከስምንት ፓውንድ እምብዛም የማይበልጥ ነው። ዕድሜዋ ከ35 በታች ቢሆን ኖሮ ደግሞ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ድጎማው የሚታሰብላት ከሌሎች ጋር በሚጋሩት ቤት ውስጥ ባለ አንድ ክፍል ዋጋ ነበር።

በእርግጥ ካውንስሉ በራሱ ውሳኔ የሚሰጠው ተጨማሪ የኪራይ እርዳታ አለ፤ ውዝፍ ሳይከማች በጊዜ ማመልከት ይበጃል። ነገር ግን ገንዘቡ ውስን ነው፣ የሚሰጠውም በአብዛኛው ለጥቂት ወራት ነው። በየወሩ የሚመለስን ጉድለት በእንዲህ ያለ እርዳታ መድፈን አይቻልም።

ጣሪያውን ማሳደግ አከራዮችን ብቻ ያበለጽጋል የሚል መከራከሪያ አለ። ክርክሩ ችላ የሚባል አይደለም፤ የቤት እጥረት ባለበት ገበያ የተጨመረው ገንዘብ ከፊሉ ወደ አከራዩ ኪስ መግባቱ አይቀርም። ይሁንና የ2011ዱ ቅነሳ ያስከተለውን ውጤት ያጠናው የብሪታንያ የፊስካል ጥናት ተቋም ያገኘው፣ አከራዮች ኪራይ የቀነሱት በጥቂቱ እንደሆነና አብዛኛው ሸክም ተከራዮቹ ላይ እንዳረፈ ነው። ሲቀነስ ተከራዩ ከከፈለ፣ ቅነሳውን ገበያ የማረጋጊያ ዘዴ ብሎ ማቅረብ ትክክል አይመስለኝም።

ለመንግሥትም ቢሆን ቁጠባነቱ አጠራጣሪ ነው። ኪራይ መክፈል አቅቶት ከቤቱ የወጣ ቤተሰብ፣ ቤት አልባ ሆኖ ሕጉ የሚጠይቀውን ካሟላ፣ ካውንስሉ ጊዜያዊ ማረፊያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ማዕከላዊው መንግሥት ለእንግሊዝ ካውንስሎች ለዚህ ማረፊያ የሚተካው ገንዘብ ለረጅም ዓመታት ሲሠላ የኖረው በጃንዋሪ 2011 የነበረውን ጣሪያ 90 በመቶ መነሻ አድርጎ ነው። የቀረውን ካውንስሉ ከራሱ በጀት ይሸፍናል፤ በዚህ መንገድ ከአንዱ የመንግሥት ሒሳብ የተቀነሰው ወጪ በሌላው ላይ ይመዘገባል፣ ልጆቹም በመሐሉ ትምህርት ቤት ይቀይራሉ።