የመጋዘንና የፋብሪካ ቤት ከእሳት የሚጠበቀው ገና በፕላኑ ላይ ነው



ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በአዲስ አበባ መርካቶ፣ ሸማ ተራ በተባለው ስፍራ የተነሣው እሳት የብዙ ነጋዴዎችን የዘመናት ድካም አመድ እንዳደረገው አይዘነጋም። ከወልቂጤና ከቡታጅራ ነጋዴዎችም መካከል ዕቃውን ከመርካቶ የማያመጣ ወይም በዚያ ዘመድ የሌለው ጥቂት ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹን በዚያች ሌሊት ካስቸገሩት ነገሮች አንዱ የመንገዱ ጥበት ነበር። መኪናው ቢመጣ መግቢያ ካጣ፣ ውኃው ቢኖር ከእሳቱ ካልደረሰ ምን ይጠቅማል?

ይህ ለጉራጌ አገር ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም። አባቶቻችን የሣር ክዳን ቤቶቻቸውን በሁለት ረድፍ አሰልፈው ሲሠሩ፣ በመካከሉ ጀፎረ የተባለውን ሰፊ መንገድ ይተዉ ነበር፤ ዛሬም በየመንደሩ ይታያል። ጀፎረ ሠርግና ልቅሶ የሚደረግበት የጋራ ስፍራ ስለ ሆነ፣ አጥሩን ገፍቶ ከእርሱ የሚቈርስ ሰው በአገር ሽማግሌዎች ፊት ይጠየቃል። እንዲህ ያለ ስፋት ባለበት መንደር ከአንዱ ጣራ የተነሣ ፍንጣሪ ወደ ማዶው ረድፍ በቀላሉ አይሻገርም። እኛ ግን በከተማ አንድ ክንድ መሬት እንዳይባክን ብለን መጋዘኑን ከወፍጮ ቤት፣ ሱቁን ከሱቅ አጣብቀን እንሠራለን።

ስለዚህ መጋዘን ወይም ፋብሪካ ለመሥራት ያሰበ ሰው መሠረት ከመቈፈሩ በፊት ከመሐንዲሱ ጋራ ሊመክርባቸው የሚገቡት ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ መንገድ። ከባድ መኪና እስከ ሕንፃው ደጃፍ የሚገባበትና የሚዞርበት ስፍራ ይተው፤ የውኃ ማጠራቀሚያም በአጠገቡ ይኑር። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትርቅ፣ ከዋናው ከተማ የሚላክ ርዳታ የሚደርሰው ለማጥፋት ሳይሆን ለማጽናናት ነው።

2ኛ/ ግድግዳ። ብዙዎቹ ሱቆቻችን በአንድ የቆርቆሮ ጣራ ሥር በተርታ የተሠሩ ናቸው። የሚለያቸው ግድግዳ ኮርኒሱ ላይ ካበቃ፣ እሳቱ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል እየሮጠ ከተርታው ጫፍ ይደርሳል። ግድግዳው በብሎኬት ወይም በድንጋይ ተሠርቶ ከቆርቆሮው በላይ ይዝለቅ።

3ኛ/ በር። መስከረም 1 ቀን 2005 ዓ.ም. በፓኪስታን አገር በካራቺ ከተማ አንድ የልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ ከ250 የሚበልጡ ሠራተኞች አልቀዋል። እሳቱ ሆን ተብሎ የተለኰሰ መሆኑን ፍርድ ቤት ቢወስንም፣ ሟቾቹ እንዲህ የበዙት መውጫዎቹ ተቈልፈው፣ መስኮቶቹም በብረት ታጥረው ስለ ነበር ነው። እኛም ሌባን ፈርተን የምንቈልፈው በር ሰው እንዳይፈጅ፣ ሠራተኛ ባለበት ሰዓት ሁሉ ያለ ቁልፍ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋ ሁለተኛ መውጫ ይዘጋጅ።

4ኛ/ የዕቃ አቀማመጥ። ጨርቅ፣ የስፖንጅ ፍራሽና በርበሬ ከቤንዚንና ከላምባ ጋራ በአንድ ክፍል አይደሩ። ክምሩም ከአምፖል ይራቅ። የተቃጠለውን ፊውዝ በወፍራም ሽቦ መተካት ዘበኛን አስክሮ እንደ ማስተኛት ያለ ነው። በነዳጅና በኤሌክትሪክ እሳት ላይ ውኃ ማፍሰስ አደጋውን ያብሳልና፣ ደረቅ ዱቄት ያለው ማጥፊያ በበሩ አጠገብ ይሰቀል፤ ሠራተኛውም አጠቃቀሙን አስቀድሞ ይማር።

በመጨረሻም እኔ በነጋዴ ቤት ጸሐፊ ሆኜ መዝገብ የምይዝ ስለ ሆንሁ አንድ ነገር ልጨምር። የመድን ውል ያለው ሰው ውሉ ቤቱን ብቻ ወይስ በውስጡ ያለውንም ዕቃ እንደሚሸፍን ያንብብ። የዱቤ መዝገቡንም ግልባጭ በሌላ ቤት ያኑር፤ መዝገቡ ከዕቃው ጋራ ከነደደ ባለዕዳው በምን ማስረጃ ይጠየቃል? እንዲህ የሆነበት ነጋዴ ሁለት ጊዜ ተቃጠለ ማለት ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ለመንገድና ለመውጫ የተተወ መሬት የባከነ አይደለም፤ የቀረውን ንብረት የሚጠብቅ ዘበኛ ነው እንጂ።