ስንዴ እንደ አፈሩና እንደ አየሩ ፍሬው ስለ መለያየቱ

ከአንድ ጎተራ የወጣ የስንዴ ዘር ለሁለት ወንድማማች ተካፍሎ ቢዘራ፥ የአንዱ ፍሬ ሙሉና ከባድ፥ የሌላው የተጨማደደና ቀላል ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ያን ጊዜ ባለቤቱ ዘሩን ይወቅሳል፤ ካባቱ የወረሰውንም ትቶ በሌላ ሊለውጥ ያስባል። ነገር ግን ዘሩ አንድ ነውና አስቀድሞ አፈሩን፥ ውሃውንና አየሩን መመርመር ይገባል።

ስንዴ ካበበ በኋላ ፍሬው የሚሞላበት ወራት አጭር ነው። በዚህ ወራት ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ያዘጋጀውን ምግብ ወደ ፍሬው ያስተላልፋል፤ ይልቁንም ለዛላው የቀረበው የመጨረሻው ቅጠል ትልቁን ሥራ ይሠራል። አየሩ ቀዝቃዛ፥ አፈሩም እርጥብ ቢሆን መሙያው ጊዜ ይረዝማል፤ ፍሬውም ይወፍራል። ሙቀትና ድርቅ ቢደርስበት ግን ሳይሞላ ይደርቃል። እንዲህ ያለው ፍሬ በፕሮቲን ድርሻ ብዙ ጊዜ ከወፍራሙ ይበልጣል፤ ስለ ምን ቢሉ የሚጎድልበት ይበልጡን ስታርቹ ነውና። ሆኖም ሲፈጭ ፉርሽካው በዝቶ ዱቄቱ ያንሳል።

በአድኣና እርሱን በመሰለው የዋልካ አገር ያለው ችግር ሌላ ነው። በክረምት ውሃው ስለሚተኛ ሥሩ አየር ያጣል፤ ናይትሮጅን የተባለው የአፈር ሲሳይም ይባክናል፤ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ለመኮሮኒ በሚፈለገው ጠጣር ስንዴ ናይትሮጅን ሲያንስ፥ እንደ ብርጭቆ ሊጠራ የሚገባው ፍሬ ዱቄታም ነጠብጣብ ያወጣል፤ ዋጋውም ይረክሳል። ይህን የፈራ ገበሬ ውሃው እስኪጎድል ቆይቶ በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም ይዘራል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ፍሬው ሊሞላ ሲል እርጥበቱ ያልቃል። የሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ሰዎች ግን አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ መደብና ቦይ ያበጃሉ፤ ውሃውም በቦዩ ስለሚወርድ ቀድመው ይዘራሉ። ድካሙ ግን መላውን ቤተ ሰብ የሚያስጨንቅ ነው።

ዘሩ በእውነት የሚወቀስበት ጊዜም አለ። በ2003 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ በብዙ አገር ስንዴ አጠፋ፤ ዲገሉ የተባለው ዘር ያን ስለ ተቋቋመ ተስፋፋ። በ2006 ዓ.ም. ግን በባሌና በአርሲ የግንድ ዋግ እርሱኑ መታው።

ይህን ለመለየት መምህሩ ከተማሪዎቹ ጋራ ከየማሳው 1000 ፍሬ ቈጥሮ ይመዝን፤ ሙሉው ወደ 40 ግራም ሲደርስ የተጨማደደው ከ30 ያንሳል። ዘሩ መቼ እንደ ተዘራ፥ ዝናሙም መቼ እንዳቆመ ከሽማግሌዎች ጠይቆ ባጠገቡ ይጻፍ። በድርቅ የተጨማደደ ፍሬ የዘር ባሕርዩ አልተለወጠም፤ ቡቃያው ግን ስለሚደክም፥ ለዘር የሚቀመጠው በወንፊት ተነፍቶ ወፍራም ወፍራሙ ይለይ።